ወሰን የሆነው መቃብር

ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን አትቆስቁሱት፣ እንዲሁ ይሁን። ይህ ወሬ ብዙ ብርሃን አይወድም።

ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር። ጨረቃ የለችም። ከብቱ ተኝቷል፣ ውሻው ዝም ብሏል፣ ጅቡ እንኳ ገና አልወጣም። አንድ መንገድ አለ። ከመንደሩ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ተረተሩ የሚወጣ መንገድ። በግራው ገደል ነው፣ በቀኙ ቁጥቋጦ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል። ከኋላው ደግሞ አንድ ነገር ያስላል።

ሰው ብቻውን እየሄደ ከኋላው ማን ያስላል? ትነግሩኛላችሁ? አትነግሩኝም። እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

ሰውየው አንጁሎ ይባላል። የላሊሾ ልጅ ነው፣ የበኩር ልጅ። አገሩ ወደ ደቡብ ነው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፣ ዘራቸው ዛሬም ስላለ ይቀየማል። ከየቤቱ ጓሮ እንሰት የሚተከልበት፣ ቆጮ የሚበላበት፣ ሰውም ከብቱም በአንድ ጎጆ የሚያድርበት አገር ነው።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት የሚቀበረው ደጁ ላይ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከእንሰቱ አጠገብ። ራስጌው ላይ ረጅም ድንጋይ ይቆምለታል። ድንጋዩ ለሟቹ ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። ለልጁም ነው። «ይህ መሬት የማን ነው?» የሚል ነገር ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ሌላ ነገር አይጠይቁም። «አባትህ የት ተኝቷል?» ይላሉ። ሰውየው ሄዶ ድንጋዩን በእጁ ከነካ አለቀ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። ወረቀቱም ማኅተሙም ያ ድንጋይ ነው።

ሌላም ደንብ አላቸው፣ ይህንንም ያዙልኝ። ሟች ይናገራል ብለው ያምናሉ። የሚናገረው በማን አፍ ነው? በበኩር ልጁ አፍ። የበኩር ልጅ «አባቴ በሕልሜ መጥቶ እንዲህ አለኝ» ካለ መንደሩ ተነስቶ ይፈጽማል። ማንም «ዋሸህ» አይለውም። በሞተ አባቱ አፍ የሚዋሽ ሰው ይወለዳል ብሎ ማን ያስባል?

ደህና። አሁን ደግሞ ስለ መሬቱ።

ዘመኑ ከሩቅ፣ ከቤተ መንግሥት ተቀምጦ፣ አገር በሙሉ ለአንድ ሰው የሚሰጥበት ዘመን ነበር። ዘምቶ ለመጣ ይሰጣል፣ ደጅ ጠንቶ ለከረመም ይሰጣል። ሰጪው አገሩን አላየውም። የጻፈው ጸሐፊም አላየውም። የተሰጠው ሰውዬም አላየውም። ያዩት እዚያው ተወልደው እዚያው የሚያርሱት ብቻ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም።

ፊታውራሪ ጥላዬ ለሚባሉ ትልቅ ሰው፣ «ከወንዙ እስከ ትልቁ መቃብር» ተብሎ ተሰጠ። ባላምባራስ ወዳጄነህ ለሚባሉ ሌላ ትልቅ ሰው ደግሞ፣ «ከትልቁ መቃብር እስከ ጋራው ማዶ» ተብሎ ተሰጠ። ትልቁ መቃብር የማን ነው? የላሊሾ ነዋ! ድንጋዩ ረጅም ስለነበረ መንገደኛ ሁሉ ከሩቅ ያየዋል። ጸሐፊው ከአንድ መንገደኛ ሰማ፣ ጻፈው፣ አለቀ። የአንጁሎ አባት በሞተ በስንት ዓመቱ ሳያውቅ የሁለት ጌቶች ወሰን ሆኖ ተኛ።

እና ጌቶቹ ተካሰሱ። ለምን አይካሰሱ? ከወንዙ እስከ መቃብሩ ያለው ረግረግ ነው፤ ቄጤማና ትንኝ ነው። ከመቃብሩ እስከ ተረተሩ ያለው ነው መሬት ማለት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ምንጭ በየቦታው የሚፈልቅበት። የአንጁሎ ቤት እዚያ ላይ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቤት እዚያ ላይ ነው። ፊታውራሪ «የእኔ ነው» አሉ። ባላምባራስ «የእኔ ነው» አሉ። መንደሩ ምን አለ? መንደሩ እንሰቱን ይኮተኩት ነበር።

አንድ ማታ የፊታውራሪ ምስለኔ ወደ አንጁሎ ቤት መጣ። ምስለኔ ማለት ጌታው በሌሉበት የጌታው ዓይን፣ የጌታው ምላስ፣ የጌታው ጅራፍ የሆነ ሰው ነው። እንግዳሸት ይባላል። ከበቅሎው ወረደና በቅሎውን አሰረ። ምን ላይ? የላሊሾ ድንጋይ ላይ!

አንጁሎ አየ። አየና ዋጠው።

«እንደምን አመሸህ አንጁሎ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጌታዬ። ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው።»

«አልገባም። ይህ ድንጋይ የአባትህ ነው አሉኝ።»

«አዎ ጌታዬ።»

«መልካም ድንጋይ ነው። ቦታው ነው ያልሆነው።» እንግዳሸት ድንጋዩን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገው። «ስማኝ። ክሱን የሚያየው ዳኛ፣ መሬቱን በገመድ ከሚለኩት ቃላድ ጣዮች ጋር መንገድ ላይ ናቸው። ድንጋዩ እዚህ እንደቆመ ካገኙት ካንተ ደጅ ወዲያ ያለው ሁሉ የባላምባራስ ነው። አንተም የባላምባራስ ነህ። ከጋራው ማዶ ያሉትን ሰዎች ምን እንዳደረጓቸው ሰምተሃል?»

አንጁሎ ሰምቷል። እንሰታቸው ተመንግሎ ስንዴ ተዘርቶበታል። ሰዎቹ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።

«ድንጋዩ እዚያ፣ ተረተሩ ላይ ቢቆም ግን የእኛ ትሆናለህ። ፊታውራሪ ሰው ያውቃሉ። ባላባት ትባላለህ። ቤትህን፣ እንሰትህን፣ ማሳህን ቃላድ አይነካውም። ላንተ፣ ለልጅህ፣ ለልጅ ልጅህ።»

«መቃብር ይሄዳል እንዴ ጌታዬ?»

«አንተ ከተሸከምከው ለምን አይሄድ!» አለና ሳቀ። ሲሄድም እየሳቀ ነበር።

አንጁሎ ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ባሎቴ ምድጃው ጋ ቁጭ ብላለች።

«ምን አለህ ሰውየው?»

«ምንም። የመሬት ወሬ ነው።»

«ሰምቻለሁ እኮ! የጭቃ ግድግዳ መሃላችን አለ እንጂ ጆሮዬ አልተደፈነም። አባትህ ሲሞት ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ‹ከደጄ እንዳታርቁኝ› ነው ያለው። አንተም ሰምተሃል።»

«ከደጁ እንዳይርቅ መጀመሪያ ደጅ ይኑረው! ደጁን ነገ ከወሰዱትስ? ያን ጊዜ አባቴ የማን ደጅ ላይ ነው የተኛው? የባላምባራስ ስንዴ መሃል?»

ባሎቴ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? አንጁሎ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን እወቁልኝ። ቤቱን ነው ሊያድን የፈለገው፤ ልጆቹ የሚያርሱትን መሬት ነው ሊያድን የፈለገው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አልከደነም። ሕልምም አላየም።

ጠዋት ግን ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ «ሕልም አየሁ» አለ።

ከሁሉም የሚበልጡት አባ ሳና ናቸው። የላሊሾ ባልንጀራ ነበሩ፤ አብረው አድገዋል፣ አብረው ተገርዘዋል።

«ማንን አየህ ልጄ?»

«አባቴን።»

«ምን ለብሶ መጣ?»

«ያንኑ ቡልኮውን።»

«ምን አለህ?»

«‹ከዚህ አንሱኝ› አለኝ። ‹ገመድ በደረቴ ላይ ሊያልፍ ነው። አንሱኝና ወደ ከፍታው ውሰዱኝ› አለኝ።»

አባ ሳና አለቀሱ። ሽበታቸው ላይ እንባው ሲወርድ አንጁሎ አየ። «ላሊሾ! ሞተህም አልተኛህም?» አሉ። «ተነሱ። ሰውየው የጠየቀው ይደረግለት።»

ተደረገለት። በደንባቸው የሟች አጥንት ፀሐይ አያይም። ስለዚህ ከመሸ በኋላ ነው የቆፈሩት። ድንጋዩን ወንዶቹ በግንድ ላይ ጭነው በጠፍር እየጎተቱ ቀድመው ወጡ። አጥንቱን ግን ማንም አይነካውም፤ የበኩር ልጅ ብቻ ነው። አንጁሎ አጥንቱን በቁርበት ጠቀለለ፣ በጠፍር አሰረ፣ ጀርባው ላይ አደረገ። ሸክም ያለው ሰው ከሁሉም ኋላ ነው የሚሄደው። ብቻውን ነው የሚሄደው። ዘወር ብሎ አያይም፤ ይህም ደንብ ነው።

እንግዲህ ያ መንገድ ይህ ነው። ያ ሰዓት ይህ ነው።

አንጁሎ ይሄዳል። ሸክሙ አይከብድም፤ እንደ ደረቅ ኮባ ነው፣ ሲራመድ ኮሽ፣ ኮሽ ይላል። የሰዎቹ ድምፅ ከፊት ራቀ። ከዚያ ጠፋ። ኮሽ፣ ኮሽ። አንጁሎ ይሄዳል። ትንሽ እንደሄደ ሸክሙ ቀለለው።

ልብ በሉ። ከበደው አላልኩም። ቀለለው። ጀርባው ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ወርዶ በእግሩ መሄድ የጀመረ ያህል ቀለለው። ኮሽታው ቆመ። ከኋላውም፦

«እህም!»

ላሊሾ በሕይወት ሳለ ቤት ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ እንዲህ ነበር የሚያስለው። ሴቶቹ እንዲሰሙ፣ ልጆቹ እንዲነሱ። አንጁሎ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሳል ነው።

ዘወር አለ? አላለም። ተረተሩ ላይ ሲደርስ ሰዎቹ ጉድጓዱን ቆፍረው ቆመዋል። ቁርበቱን ሳይፈታ አስገባው። አፈር አለበሱት፣ ድንጋዩን አቆሙት፣ ወደየቤታቸው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት መምጣት ጀመረ። እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ በአንድ ጊዜ አልመጣም።

መጀመሪያ ላሚቱ ነቃች። በእኩለ ሌሊት ተነስታ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆመች፣ እስኪነጋ አልተኛችም። ሌላ ሌሊት ደግሞ ከደጅ «እህም» አለ። ባሎቴ ብድግ አለች።

«ሰማህ?»

«ጅብ ነው።»

«ጅብ መቼ ነው እንዲህ የሚያስለው? አባትህ ነው አንጁሎ። በር ላይ ቆሟል። ልክፈትለት?»

«እንዳትከፍቺ!»

አልከፈተችም። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት አንጁሎ ወጣ። ደጁ ሁሉ ጭቃ ነው፣ ውሃ ቋጥሯል። አሮጌው መቃብር የነበረበት፣ በአፈር የተደፈነው ቦታ ግን ደርቋል። ሙሉው አይደለም። የተጋደመ ሰው የሚያህለው ብቻ። ራስ አለው፣ ትከሻ አለው፣ እግር አለው። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ላይ ተኝቶ ዝናቡን በገላው የከለከለ ይመስላል።

አንጁሎ በእግሩ አፈሩን በታተነው።

በሌላው ሌሊት በበሩ ስንጥቅ አየ። አንድ ሰው አሮጌው መቃብር ላይ ተቀምጧል። ቡልኮውን ተከናንቧል። ጀርባውን ወደ ቤቱ ሰጥቷል። ምን ያደርጋል? ምንም። ቤት እንደሌለው ሰው ተቀምጧል። አንጁሎ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፈው።

«ዳኛው ይምጣ ብቻ» ይላል በልቡ። «ቃላዱ ይለፍ ብቻ። ባላባት ልባል ብቻ። ከዚያ በሬ አርጄ እታረቀዋለሁ።»

ዳኛው መጣ።

ቃላድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረጅም የመለኪያ ገመድ ነው። አንዱ ጫፉን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ይዞ ይሄዳል፣ ሲወጠር ምልክት ይተከላል፤ እንደገና ይሄዳሉ። እንዲህ እያሉ አገር ይጨርሳሉ። ገመዱ በማሳም ላይ ያልፋል፣ በምንጭም ላይ ያልፋል፣ ሰው ምሳውን በሚበላበት ቤት ጣሪያም ላይ ያልፋል። ለገመዱ ሁሉም ያው ነው።

ዳኛው መንደሩን ሰበሰበ። «ትልቁ መቃብር የቱ ነው?» አለ።

ሁሉም ወደ ተረተሩ ጠቆሙ። የባላምባራስ ሰው «ውሸት ነው! እዚህ ታች ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ!» እያለ ጮኸ። ዳኛው አባ ሳናን አስማለ። አባ ሳና ማሉ፣ «ላሊሾ የተኛው ተረተሩ ላይ ነው» አሉ። አልዋሹም። አጥንቱ ሲቀበር እዚያው ቆመው ነበራ! ማን ያውቃል የዋሸውን? አንድ ሰው ብቻ።

ቃላዱ ተጣለ። ከወንዙ ተነሳ፣ ረግረጉን አለፈ፣ ወደ ጥቁሩ መሬት ወጣ። የአባ ሳናን ማሳ አለፈ። የሁሉንም አለፈ። ከአንጁሎ አጥር ሲደርስ አንጁሎ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ይህ አይለካም። ይህ ለእኔ የቀረ ነው። ምስለኔው ያውቃሉ። ባላባት ነኝ።»

እንግዳሸት በበቅሎው ላይ ሆኖ አየው። እንደማያውቀው ሰው ነው ያየው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አባ ሳና፣ በአገራችሁ ደንብ ሰው መሬቱ የእሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«አባቱ የተኛበት ከሆነ ነው ጌታዬ።»

«አንጁሎ፣ አባትህ የት ነው የተኛው?»

አያችሁ? አያችሁ ነገሩን? «እዚህ ነው» ቢል፣ ወሰኑ እዚህ ነው ማለት ነው። አባ ሳናን በሐሰት አስምሏል፣ አባቱን በሐሰት ቆፍሯል፤ መንደሩ በድንጋይ ይወግረዋል፣ መሬቱም ለባላምባራስ ይሆናል። «ተረተሩ ላይ ነው» ቢል፣ እዚህ አባት የለውም። አባት ከሌለው መሬት የለውም።

አንጁሎ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

«ተረተሩ ላይ ነው» አለ እንግዳሸት በእሱ ፈንታ። «እንግዲያው ተረተሩ ላይ ሂድና ኑር! ነገ ጠዋት በሬ ይገባል፤ ይህ ደጅ ይታረሳል። ጭሰኛ ሆኜ ልቅር ካልክ መጥተህ ደጅ ጥና።»

ቃላድ ጣዮቹ ሳቁ። አባ ሳና አልሳቁም። አንጁሎን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ገባቸው። መሬት ላይ እንትፍ ብለው ዱላቸውን ይዘው ሄዱ።

ገመዱ በአንጁሎ አጥር ላይ አለፈ። በእንሰቱ ላይ አለፈ። አሮጌው መቃብር ላይም፣ ልክ ደረቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ አለፈ።

በዚያ ምሽት አንጁሎ ዶማውን አነሳ።

«ወዴት ነው?» አለች ባሎቴ።

«ልመልሰው ነው። ዳኛው ገና አልሄደም። ጠዋት አባቴን ደጄ ላይ ካገኘው፣ ዳኛው ፊት መቃብሩን በእጄ እነካለሁ። ይውገሩኝ። ጌታው ባላምባራስም ይሁን፤ ልጆቹ ግን ‹አያታችን እዚህ ተኝቷል› የሚሉበት ደጅ ይኖራቸዋል።»

«ብቻህን አትሂድ። አባ ሳናን ጥራቸው።»

«አይመጡም።»

«እኔ ልምጣ።»

«አንቺ ልጆቹ ጋ ሁኚ።»

«አንጁሎ፣ በዚያ መንገድ በዚህ ሰዓት ብቻውን የሚሄድ የለም!»

ሄደ። ብቻውን ሄደ። በግራው ገደል፣ በቀኙ ቁጥቋጦ። ከኋላው ሳል አልሰማም። ከፊቱም ምንም አላየም። ይህ ነው ያስፈራው። አባቱ ያን ሌሊት አልመጣም፤ ደጁም ላይ አልነበረም። ታዲያ የት ሄደ?

ተረተሩ ላይ ደረሰ። ድንጋዩ ጨለማው ውስጥ ቆሟል። አንጁሎ ቆፈረ። አፈሩ ገና ልል ነው። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ቁርበቱን አገኘ። ጠፍሩ ራሱ እንዳሰረው ነው፤ ማንም አልነካውም። አነሳው። ዳበሰው። ፈታው።

ባዶ ነው።

«እህም!»

አንጁሎ ቀና አላለም። ጉድጓዱ ውስጥ ነው ያለው፣ ጉልበቱ በአፈር ተውጧል። ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ሁለት እግሮች ይታዩታል። ደረቅ እግሮች። የቡልኮው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ወርዷል።

«አንጁሎ።»

ሌሊት ስማችሁን ለጠራ ነገር «አቤት» አትበሉ ብለዋችሁ የለ? አንጁሎንም ብለውት ነበር።

«አቤት አባባ።»

«ሕልም አይተሃል አሉ።»

አንጁሎ ባዶውን ቁርበት ወደ ደረቱ ሳበ።

«መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሳና ሰምቶ አለቀሰ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ምን አልኩህ?»

«አባባ…»

«ንገረኝ እንጂ። የእኔ ቃል አይደል? ምን ብዬ ነው የመጣሁብህ?»

ድምፁ ቁጣ የለውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻል ነበር። በእውነት የረሳና ማወቅ የፈለገ ሽማግሌ ድምፅ ነው።

«‹አንሱኝ› አልከኝ» አለ አንጁሎ። «‹አንሱኝ› ነው ያልከኝ አባባ።»

«እንዲያ ካልኩማ አንሳኝ።»

ከአፋፉ ወረደ። ሁለት እጆች በአንገቱ ዙሪያ መጡ። ቀዝቃዛ ናቸው፣ እርጥብ አፈር ይሸታሉ። ጀርባው ላይ ወጣ። አሁን እንደ ደረቅ ኮባ አይደለም። እንደ ድንጋዩ ነው የከበደው።

አንጁሎ እየዳኸ ከጉድጓዱ ወጣ። ተነሳ። ወደ ቤቱ ወረደ። ወገቡ እየተሰበረ ወረደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ «ደርሰናል አባባ። ውረድና ተኛ» አለ።

«የት?»

አንጁሎ አየ። አጥሩ የለም። ቤቱ የለም። እንሰቱ የለም። ደጁ የነበረበት ቦታ ሜዳ ሆኗል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በገመድ የተሰመረ ባዶ ሜዳ።

«ይህ የእኔ ደጅ አይደለም» አለ አባቱ በጆሮው። «ወደ ቦታዬ ውሰደኝ።»

ወደ ተረተሩ ተመለሰ። «እዚህ ነው አባባ?»

«ይህም የእኔ አይደለም። ወደ ቦታዬ ውሰደኝ።»

ጠዋት ባሎቴ ወጥታ ፈለገችው። ቤቱ እንደቆመ ነው፣ እንሰቱም እንዳለ ነው፣ አጥሩም አለ። ተረተሩ ላይ ዶማውንና የተፈታውን ቁርበት አገኘች። አንጁሎን ግን ማንም አላገኘውም፣ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ እንደሆነ ብለው ቆፍረው አዩ። ገደሉንም ወርደው አዩ። የለም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል በሬዎቹ መጡ። እንግዳሸት ራሱ ቆሞ አሳረሰው። እንሰቱ ተመነገለ። ባሎቴ ልጆቿን ይዛ ወንዙን ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲያ የሰው እንሰት ስትፍቅ ነው የኖረችው።

ጌቶቹስ? ፊታውራሪ ጥላዬና ባላምባራስ ወዳጄነህ መካሰሳቸውን አልተዉም። የባላምባራስ ሰው ይግባኝ አለ። የፊታውራሪ ሰው መልስ ሰጠ። ጌቶቹ ሞቱ፣ ልጆቻቸው ቀጠሉ። ያን ጥቁር መሬት አንዳቸውም አንድ ቀን እንኳ መጥተው አልረገጡትም። የት እንደተቀበሩ ግን ይታወቃል። በተጠረበ ድንጋይ፣ በብረት አጥር ውስጥ፣ ስማቸው ተጽፎ። የነካቸው የለም።

መንገዱ ግን አለ። ማታ ማታ አንድ ሰው ይወርዳል፣ አንድ ሰው ይወጣል። ያው ሰው ነው። ጎብጧል። ጀርባው ላይ በቡልኮ የተሸፈነ ነገር አለ።

በእኛ አገር ሸክም የከበደው ሰው መንገድ ላይ ሲያገኙ ምን ይደረጋል? እጅ ይዘረጋል። ይታገዛል። የማያግዝ ሰው ምን ሰው ነው? አንጁሎም ይህን ያውቃል፣ ያደገበት ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ ሲያገኝ ጠጋ ይላል። ድምፁ የዋህ ነው።

«ወንድሜ፣ እባክህ አንድ ጊዜ ደግፍልኝ። ትከሻዬን ላሳርፍ።»

አንድ የአሞሌ ጨው ነጋዴ ደገፈለት። ደግ ሰው ነበር። ምንም አልከበደውም፤ ቀለለው እንጂ። «ይህ ነው የከበደህ?» ብሎ ሊቀልድበት ዘወር ቢል ሰው የለም። ቤቱ ገባ፣ እራቱን በላ፣ ተኛ። በእኩለ ሌሊት ላሙ ተነስታ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ነጋዴው ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አልሄደም። የአንጁሎ ሸክም ቀነሰለት? አልቀነሰለትም። ለነጋዴውም ደረሰው እንጂ።

ስለዚህ በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም፣ የጎበጠ ሰው ጠጋ ካላችሁ እጃችሁን አጣጥፉ። ይዝለፋችሁ። ጨካኝ ይበላችሁ። ብቻ እጃችሁን እንዳትዘረጉ።

ጨረስኩ። ተነሱ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ፤ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆናችሁ…

ቆይ። አንተ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው። አመሻሽ ላይ በዚያ በኩል ብቻህን ነው እንዴ የመጣኸው?

ትከሻህን ምን ሆነህ ነው የምታሸው?